ክብደትን ስለ መቀነስና ጉልበትን ስለ መጠበቅ

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የነቀምቴ መምህር ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፥ «ውፍረቴን ለመቀነስ ቁርስና ምሳ ከተውሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ማታ ማታም ጂም እሄዳለሁ። ነገር ግን ብረት ባነሣሁ ቍጥር ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ በክፍልም ውስጥ ተማሪዎቼን ያለ በቂ ምክንያት እቈጣለሁ» ሲሉ ነገሩኝ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ ይኸውም በንቀት ሳይሆን፥ በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ስሕተት ራሴ ሠርቼው ስለ ነበረ ነው። ከግምቢ፥ ከደምቢ ዶሎና ከሻምቡም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚቀርብልን፥ ለእርሳቸው የሰጠሁትን ምክር ለአንባቢዎቻችን ሁሉ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የምግብ ጉልበት የሚለካው በካሎሪ ነው። እንደ እንጀራና እንደ ስኳር ባሉት ምግቦች ውስጥ የሚገኘው ካርቦሃይድሬት በአንድ ግራም 4 ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲንም እንዲሁ 4 ይሰጣል፤ ስብ ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል። ሰውነት ከሚያስፈልገው በላይ የገባለትን ጉልበት ስብ አድርጎ ያከማቻል፤ ውፍረት የምንለውም ይኸው ነው።

የወለጋ ምግብ ራሱ ጥፋት የለበትም። በቅቤና በአይብ የራሰ ጩምቦ ወይም በቅቤ የተለወሰ አንጮቴ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ለሚውል ገበሬ የተገባ ስንቅ ነው። ችግሩ የሚመጣው፥ ተቀምጦ የሚውልና በባጃጅ ወደ ቤቱ የሚመለስ የከተማ ሰው የገበሬውን ያህል ሲመገብ ነው። በሾርባ ማንኪያ ሁለት ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ 240 ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማቃጠል በደልዳላ መንገድ አንድ ሰዓት ያህል መራመድ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ምግብን ፈጽሞ መተው አይቀልምን? አይቀልም። በ1937 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1945) ዶክተር አንሴል ኪስ የተባሉት ሊቅ በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ፈቃደኞችን ሰብስበው፥ ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሰው ለስድስት ወር ያህል ተመልክተዋቸዋል። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ፤ ነገር ግን ከስቡ ጋር ጡንቻቸውና ብርታታቸውም አብሮ ሄደ፤ ብርድ ይሰማቸው፥ በጥቂቱም ይቈጡ፥ ዘወትር ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ ጀመር። እንደ ልባቸው እንዲበሉ በተፈቀደላቸውም ጊዜ ብዙዎቹ ያለ ልክ በሉ። የመምህሩ ቍጣም ከጠባይ ሳይሆን ከረኃብ የመጣ ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

1ኛ፥ መቀነስ የሚያስፈልግ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ለሆነ ጎልማሳ ከ54 እስከ 72 ኪሎ ጤናማ ክብደት ነው ተብሎ ይገመታል።

2ኛ፥ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ብቻ መቀነስ። ሁለት ማንኪያ ቅቤ፥ በቡናና በሻይ የሚጠጣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ጥቂት እንጀራ ሲቀር እዚህ ቍጥር ላይ ይደረሳል። በዚህም በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ይቀነሳል።

3ኛ፥ ጡንቻን የሚጠብቀውን ፕሮቲን አለመቀነስ። በፍስክ ጊዜ እንቍላልና ወተት፥ በጾም ጊዜ ምስር፥ ሽሮ፥ ባቄላና አተር ይህን ያሟላሉ። ነገር ግን የጾም ወጥ ዘይት ሲበዛበት ከቅቤው እንደማይሻል አይዘንጋ።

4ኛ፥ ባዶ ሆድ ይዞ ብረት አለማንሣት። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በፊት አንድ ሙዝ ወይም አንድ እፍኝ ቆሎ በልቶ ውኃ መጠጣት ይበቃል። ጿሚ የሆነ ሰው ከመብላቱ በፊት ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ከባዱን ሥራ ግን ከምግብ በኋላ ያድርገው።

5ኛ፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፥ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መንቀሳቀስና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ መሥራት ነው። ጂም የሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ወደ ሥራው በእግሩ ቢሄድ፥ በቤቱም ቍጭ ብድግ ቢሠራ ይበቃዋል።

ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፥ እንዲሁም የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ ይህን አይጀምሩ። ራሱን የሚያዞረው ሰው ሥራውን አቁሞ ይቀመጥ፤ ከተደጋገመበትም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

መምህሩ ወደ ቁርሳቸው ተመለሱ፤ ከቅቤውና ከስኳሩም ቀነሱ። ከአራት ወር በኋላ በሚዛን ላይ ሲወጡ 6 ኪሎ ቀንሰው ተገኙ፤ ብረቱንም ያለ ድካም ያነሡ ነበር። ከዚያም ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ፤ እርሳቸው ቁርስ በተዉበት ሰሞን ሁለት ልጃገረዶች ከክፍላቸው ይህንኑ ሰምተው ቁርስ መተው ጀምረው ነበር። መምህራን ሆይ፥ ተማሪ ከሰሌዳው ብቻ ሳይሆን ከመምህሩ ኑሮም ይማራል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ምግቡን ሲተው የሚቀንሰው ውፍረቱን ሳይሆን እድገቱን ነውና፥ ይህን በክፍላችሁ ግለጹላቸው።