ፉድ ስታምፕ ለቀረበት ስደተኛ ፉድ ባንክ ይበቃዋል?

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሕግ፣ ጥገኝነት ተፈቅዶላቸው ግሪን ካርድ ገና ያልያዙ ወገኖቻችንን ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ቡና ላይ «ፉድ ባንክ አለ አይደል?» ሲባል እሰማለሁ። አለ፤ ግን እሱም በከፊል የመንግሥትን እጅ የሚያይ ነው። ፌደራል መንግሥቱ ምግብ ገዝቶ ይልክለታል፤ በዚያው ዓመት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ጭነት ሰርዟል።

መንግሥት ተዘግቶ የኖቬምበር ፉድ ስታምፕ ሊስተጓጎል ሲል፣ ገቨርነር ኒውሰም ለፉድ ባንኮች እስከ 80 ሚሊዮን ዶላር ለቀቁ። ደግ አደረጉ። በካሊፎርኒያ ላሉት 5.5 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ብናካፍለው ግን ለእያንዳንዱ 15 ዶላር አይሞላም፤ ፌርፋክስ ላይ አንድ በየዓይነቱ አይገዛም።

ጥገኝነት ካገኛችሁ ዓመት የሞላችሁ፣ የግሪን ካርድ ማመልከቻውን አታቆዩት፤ ካርዱ ሲመጣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ፉድ ስታምፑን መልሶ ሊያገኝ ይችላል።