ፍራንቻይዝ ከመፈረም በፊት

በጄፒ ሱቅ ከፍቶ ጥሪት የቋጠረ ወገን ስሙ የታወቀ ምግብ ቤት በፍራንቻይዝ ልክፈት ብሎ ሲነሣ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። ከኤፕሪል 2011 ጀምሮ የሚሠራበት የደቡብ አፍሪካ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ የስሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ውሉ ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ዝርዝር መግለጫ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ከተፈረመም በኋላ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለኩባንያው በጽሑፍ አስታውቆ ውሉን ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል።

በእነዚህ ቀናት ባለሙያ ያማክሩ። መግለጫውን ለሒሳብ አዋቂ፣ ውሉን ለጠበቃ ያሳዩ። አማካሪው ግን ኩባንያው የሚከፍለው ሰው መሆን የለበትም። ሮያሊቲ የሚባለው ወርኃዊ ክፍያ ከትርፍ ነው ወይስ ከሽያጭ የሚታሰበው? ብለው ይጠይቁ። ብዙውን ጊዜ ከሽያጭ ነው። ለምሳሌ በወር 200,000 ራንድ ሸጠው ከመቶ 8 ቢከፍሉ፣ ቢያተርፉም ቢከስሩም 16,000 ራንድ ይወጣል ማለት ነው። የቤት ኪራዩ ውልና የመኖሪያ ፈቃድዎ የሚያበቁበት ቀንም ከፍራንቻይዙ ዘመን ጋር ይመሳከር፤ ፈቃዱ ቢያልቅም የፈረሙት ዕዳ አያልቅምና።

የአማካሪ ክፍያ ቢከብድም፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።