ሲሊንደሩን የገጠመው ማን ነው?

ነቀምት ላይ ቤት ሲሠራ የመብራት መስመር የሚዘረጋው ሰው ወረቀት ይጠየቃል፤ ቢያንስ ሕጉ እንዲጠየቅ ይፈልጋል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ግዴታ አድርጓል። እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ የጋዝ ምድጃ የሚገጥመውን ግን «ብቃትህ የታለ?» የሚል ባለቤት ብርቅ ነው። ሲሊንደሩን በባጃጅ ያመጣው ልጅ ራሱ ይገጥመዋል፤ ክብሪት ጭሮ ነበልባሉን ካየ «ሠርቷል» ብሎ ይሄዳል።

ነቀምትን ለብቻ መውቀስ አይገባም። አገሪቱ ውስጥ ጋዝ በቧንቧ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ ገጠማው እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ተላላኪ ሥራ ተቆጥሮ ቀርቷል። ወለጋ ውስጥ አብዛኛው ቤተሰብ አሁንም የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው።

ችግሩም ጋዝና ከሰል አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ይጀምራል። በሲሊንደሩ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ከአየር ይከብዳል፤ ቡቴን እንዲያውም እጥፍ ያህል። ሲያፈተልክ ወለል ላይ ተኝቶ በበር ሥር ይሾልካል፣ ቡና የተጣደበት የከሰል ምድጃ ካገኘ ደግሞ አይምርም። አየሩ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ መሙላቱ ለፍንዳታ ይበቃዋል። በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የምናሸተው ለማስጠንቀቂያ የተጨመረበትን ኬሚካል ነው። ስለዚህ መጋጠሚያ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይደለም። የተሰነጠቀ ጎማ በፕላስተር አይጠገንም፣ ይጣላል። ሲሊንደሩም ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይሠራም፤ ከተጋደመ በጋዙ ፋንታ ፈሳሹ ይወጣል።

እንግሊዞች ሥርዓት ያበጁት ከሐዘን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት በተባለው 22 ፎቅ ሕንፃ አንዲት ሴት ለሻይ ክብሪት ስትጭር ያፈተለከው ጋዝ ፈነዳ። የሕንፃው አንድ ጥግ ከላይ እስከ ታች ተናደ፣ 4 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ጣቱን የቀሰረው ምድጃውን ከቧንቧው ባያያዘች አንዲት ደካማ የናስ ዳዶ ላይ ነበር። በ1970 የጋዝ ገጣሚዎች መዝገብ በፈቃደኝነት ተጀመረ፤ በ1991 ግዴታ ሆነ። ዛሬ ገጣሚው በኪሱ ካርድ ይይዛል፤ የካርዱ ጀርባ የትኛውን የጋዝ ሥራ እንዲሠራ እንደተፈቀደለት ይዘረዝራል።

እኛ ዘንድ አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ለሌሎች ሙያዎች ሲኦሲ የተባለውን የብቃት ምዘና ይፈተናሉ፤ የጋዝ ምድጃ ገጠማም የራሱ አጭር ሥልጠናና ምዘና ይገባዋል፣ ሻጩም ያልተመዘነ ሰው ደንበኛ ቤት መላክ የለበትም። ያ እስኪሆን ድረስ፣ አንባቢ ሆይ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት ሳሙናና ውኃ አቅርበው መጋጠሚያውን ዓይንዎ እያየ ያስፈትሹት።