ከአፍንጫ ቀዶ ሕክምና ሲነቁ መረበሽ



እንበልና አንድ የሀቢቾ ገበሬ ሆሳዕና ሄዶ፣ አፍንጫው ውስጥ የበቀለ ሥጋ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከማደንዘዣው ሲነቃ ይጮኻል፤ ይወራጫል፤ «ልነሣ» ይላል። ቤተሰቡ «አበደ!» ብሎ ይደነግጣል።

እብደት አይደለም። ደሙ እንዲቆም አፍንጫው በፋሻ ተጠቅጥቋል። አእምሮው ገና በደንብ ስላልነቃ የታፈነ ይመስለዋል። ሕመምና ሽንት መወጠርም ያባብሱታል። ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ግን ፋሻውን ነቅሎ ሊደማ፣ ከአልጋም ሊወድቅ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. አስቀድማችሁ አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ በአፍ መተንፈስን ተለማመዱ። «ስነቃ አፍንጫዬ ይደፈናል፤ በአፌ እተነፍሳለሁ» በሉ።

2. ከመግባታችሁ በፊት ሽንታችሁን ሽኑ።

3. አረቄ የምታዘወትሩ ወይም ከዚህ ቀደም ስትነቁ የተረበሻችሁ ከሆነ፣ ለሐኪሙ አትደብቁ። መድኃኒቱን የሚመርጠው ይህን አይቶ ነው።

4. እናንተ አስታማሚዎች፣ በሽተኛውን ታግላችሁ አትጫኑት። የእውነት አየር አጥሮትም ሊሆን ስለሚችል ነርስ ቶሎ ጥሩ። በስሙ እየጠራችሁ፣ «አልቋል፤ በአፍህ ተንፍስ» በሉት።

የሰማችሁ ላልሰማ ንገሩ።