ከክብሪት ቀፎ የወጣች መኪና

ውድ አንባቢ፣ ልጅ ሳሉ እጅግ ይወዱት የነበረው መጫወቻ ምን ነበር? ምናልባት አካሏ ከሰርዲን ጣሳ፣ ጎማዋ ከቆርኪ ተሠርቶ፣ በረጅም ሽቦ እየተነዳች አቧራ የምታስነሳ መኪና ትሆናለች። እህቶችም ወንድሞቻቸው ሲሠሩ አይተዋል፤ «አትንኪ!» ተብለውም ተባረዋል። ያቺ መኪና ዛሬ ብትገኝ ምን ያህል ይሰጡባት ነበር?

ጥያቄው ቀልድ ሊመስል ይችላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን በብዙ ቤት ውስጥ የምር ጥያቄ ነው፤ ባልና ሚስትን እስከማነታረክም ይደርሳል። ፀጉሩ የሸበተ አባወራ ከጣት የማትበልጥ አሮጌ የመጫወቻ መኪና በውድ ዋጋ ገዝቶ ይመጣል፤ ጠራርጎም በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣታል። ሚስቱ «ይህ ሰው ልጅነቱ ተመልሶበት ነው?» ትላለች። በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢዎቻችን በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ እነዚህን መኪናዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ሚስት አልተሳሳተችም፤ የተመለሰበት ልጅነቱ ነው። ግን እንዴት ያለ ልጅነት እንደሆነ ለመረዳት መኪናዎቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1947 ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ የሚባሉ ጓደኛሞች፣ ስማቸው ቢመሳሰልም ዝምድና የሌላቸው፣ ለንደን ውስጥ ብረት እያቀለጡ በቅርጽ የሚያወጡበት አነስተኛ ድርጅት አቋቋሙ። ከሁለቱ ስም ቆራርጠውም «ሌስኒ» አሉት። ጃክ ኦዴል የተባለ ባለሙያም ተቀላቀላቸው። ሥራቸው በመጀመሪያ ለፋብሪካ የሚሆን ዕቃ ነበር፤ መጫወቻው በኋላ የመጣ ነው። በ1953 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ዘውድ ስትጭን ድርጅቱ የሠረገላዋን ትንሽ አምሳያ አውጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሸጠ።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው በኦዴል ቤት የሆነው ነው። ኦዴል ትንሽ ሴት ልጅ ነበረችው። የምትማርበት ትምህርት ቤት በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከማይገባ በቀር መጫወቻ አይከለክልም ነበር፤ መጠኑ ከዚያ ከበለጠ ግን አይፈቀድም። አባትየው ምን አደረገ? ከነሐስ አንዲት ትንሽ ዳምጠው ሠርቶ በቀፎው ልክ ሰጣት። ጓደኞቿም «ለእኛም» አሉ። ዳምጠው ደግሞ የምትማርከው ልጆችን ብቻ አይደለም። በእኛም አገር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣት የእንፋሎት ማሽን «የሰርኪስ ባቡር» ተብላ ስንቱን አዋቂ አፍ አስከፍታለች።

በ1953 ዳምጠዋ፣ ገልባጭ መኪናና ሲሚንቶ ማቡኪያ የክብሪት ቀፎ በምትመስል ካርቶን ተከተው «ማችቦክስ» በሚል ስም ለገበያ ቀረቡ፤ ስሙም ያው የክብሪት ቀፎ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ ድርጅት ከ1934 ጀምሮ «ዲንኪ» እያለ የሚሸጣቸው መኪናዎች፣ ተለቅ ያሉና ወደድ የሚሉ ነበሩ። ማችቦክስን ግን ልጅ በራሱ የኪስ ገንዘብ ሊገዛት ይችላል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ሳንቲም፣ በራሱ ምርጫ የገዛት ንብረት ነች።

እያንዳንዷም ቁጥር አላት። ቁጥሩ 75 ላይ ቆመ፤ አዲስ መኪና ሲመጣ አሮጌዋ ጡረታ ትወጣና ቁጥሯን ታወርሳለች። በ1955 ቁጥር 12 ላንድሮቨር ነበረች፣ በ1960 ደግሞ ቁጥር 25 ቮልስዋገን ሆነች። ሁለቱንም እናውቃቸዋለን፤ አንዷ የገጠሩን መንገድ፣ አንዷ የአዲስ አበባን አስፋልት ለዓመታት የፈጩ ናቸው። ልጁ 74 ኖሮት አንዷ ስትጎድለው ምን እንደሚሰማው ይገምቱ። ዛሬ ያ አባወራ በየገበያው የሚፈልጋት ብዙ ጊዜ ያችኑ የጎደለችውን ነው።

በ1968 ብርቱ ተቀናቃኝ ከአሜሪካ መጣ። ኤሊየት ሃንድለርና ባለቤቱ ሩት የሚመሩት ማቴል የተባለው ኩባንያ «ሆት ዊልስ» ብሎ 16 መኪናዎችን አወጣ። ሩት የባርቢ አሻንጉሊት እናት ነች፤ ባልና ሚስት የሴቱንም የወንዱንም መጫወቻ ተከፋፍለው ያዙ ማለት ነው! መኪናዎቹ በቀጭን ሽቦ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ስላላቸው በብርቱካንማ ሐዲድ ላይ ይበርራሉ። ከእነርሱ አጠገብ ማችቦክስ ኤሊ መሰለች። ሌስኒ በ1969 ፈጣን ጎማ ማስገባት ቢጀምርም በ1982 ከሰረ። ማቴልም በ1997 ማችቦክስን የያዘውን ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛ፤ ሁለቱ ባላንጣዎች ዛሬ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ የነገሩ ግራ የሚያጋባው ክፍል እዚህ ነው። ውድ የምትሆነው ልጅ ያልተጫወተባት መኪና ነች። ቀለሟ ያልተላጠ፣ ጎማዋ ያልተበላ፣ ከሁሉም በላይ ካርቶኗ ያልተቀደደ። ልጆች ካርቶኑን ወዲያው ስለሚጥሉት አንዳንዴ ባዶው ካርቶን ከመኪናዋ አይተናነስም። አዲስ ቀለም መቀባትም ዋጋዋን ይጥላል እንጂ አያነሣም። የማችቦክስ ሰብሳቢዎች ጎማዋን ገልብጠው ያያሉ፤ መጀመሪያ የብረት፣ ቀጥሎ ግራጫ ፕላስቲክ፣ ከዚያ ጥቁር ፕላስቲክ ስለነበረ ዕድሜዋን ይነግራል። ከሆት ዊልስ ደግሞ እጅግ የምትፈለገው በ1969 ለሙከራ የተሠራችው፣ የባሕር መንሸራተቻ ጣውላዎቿ ከኋላ የሚገቡላት ቮልስዋገን ነች። ጠባብ ሆና ስላስቸገረች ሰፋ ተደርጋ እንደገና ተሠራች፤ ያልተሳካችው ግን ከተሳካችው በለጠች።

እንግዲህ ልጅን ለማስደሰት የተሠራች ዕቃ፣ ልጅ ስላልነካት ከበረች። እኔ በበኩሌ ቀለሟ ተላጥቶ፣ ባለቤቷ ጥፍሩን ያሳረፈባትን እመርጣለሁ፤ ገበያው ግን አይሰማኝም።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ለዚህ ነው ነገሩ በግልጽ መነጋገር የሚያስፈልገው። ባልዎ «ገንዘባችንን እያስቀመጥኩ ነው፣ ዋጋዋ ይጨምራል» ካለዎት በየዋህነት አይቀበሉት። ከ1939 በፊት ከተሠሩት የዲንኪ መኪናዎች ብዙዎቹ ዚንኩ ከእርሳስ ጋር ተቀላቅሎባቸው ስለነበር ከውስጥ እየተሰነጠቁ ይፈራርሳሉ፤ መድኃኒትም የለውም። የገዢው ትውልድ ሲያልፍም የሚፈልጋቸው ሰው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከደስታ ወጪ ይቆጠር፤ በወር ምን ያህል እንደሆነም ሁለታችሁ አብራችሁ ወስኑ፤ ከልጆች ትምህርትና ከቤት ኪራይ በኋላ። ተደብቆ የተገዛ መኪና በሐምሳ ብርም ቢሆን ውድ ነው። እርስዎም እህቴ፣ የመጀመሪያዋን ለምን እንደገዛት ይጠይቁት። ምናልባት በልጅነቱ በሱቅ መስኮት አይቷት አባቱ መግዛት ያልቻለለት ትሆናለች። ይህን ከሰሙ በኋላ በቁም ሣጥኑ ጉዳይ የሚነጋገሩበት ድምፅ ይለያል።

የቀረው የልጆች ነገር ነው። አባት ቁም ሣጥኑን ቆልፎ «አትንካ!» እያለ ልጁ በመስታወቱ በኩል ሲያይ ማየት ያሳዝናል። አሮጌዎቹን አውጥቶ ለሕፃን መስጠት ግን መፍትሔ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ወደ አፉ ይከታል። በአሜሪካ እንኳ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በጥብቅ የተገደበው በ1978 ነው። ከፍ ላለው ልጅ አሮጌዎቹን ጠረጴዛ ላይ አውርደው አብረው ይመልከቱ፤ ጎማዋን ገልብጦ ዕድሜዋን እንዲገምት ያድርጉት፣ እጁንም ያስታጥቡት። ለታናሹ ደግሞ ለዕድሜው የተሠራች አዲስ ይግዙለት፤ ካርቶኗን ራሱ ይቅደደው።