ማሰሪያው ምን እንዲሠራልን ነው የምንገዛው?

በአቃቂ ቃሊቲ ጉልበቱ የማይፈተን ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከጠዋት እስከ ማታ ማሽን ፊት ቆሞ የሚውል የፋብሪካ ሠራተኛ አለ፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ተሸክሞ የሚወጣ አለ፤ ገና ጎህ ሲቀድ በአስፋልቱ ዳር የሚሮጥ ወጣት አለ፤ በሕማማት ሳምንት ሲሰግዱ የሚውሉ እናቶችና አባቶች አሉ። ጉልበት ሲያም ታዲያ ቀድሞ የሚታሰበው ማሰሪያ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መደብሮች ወይም ከመርካቶ ይገዛል። ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ሚዲየም ነው ላርጅ?» ብሎ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚያም፣ መቼ መቼ እንደሚብስ የሚጠይቅ የለም። እኔ ማሰሪያን አልቃወምም፤ በቦታው ሲውል ይረዳል። የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማሰሪያው የትኛውን ሥራ እንዲሠራላችሁ እንደምትፈልጉ ለይታችሁ መናገር ካልቻላችሁ ገንዘባችሁን ገና አታውጡ።

ይህን የምለው ጉልበት የሚታመምበት መንገድ ብዙ ስለሆነ ነው። አንዱን ደረጃ ሲወርድ ወይም ከበርጩማ ሲነሳ ከጉልበቱ ሎሚ ጀርባ ያመዋል። ሌላው ኳስ ሲጫወት እግሩ ተጠምዞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ ድንገት ይከዳዋል። ሌላዋ ደግሞ ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል፤ ጠዋት ጉልበቷ ደርቆ ይነሳና ጥቂት ስትራመድ ይፈታላታል፣ መንገዱ ሲረዝም ግን ከውስጥ በኩል ይጠዘጥዛታል። የመጀመሪያው ችግር ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ የሚያርፈው ጫና ነው። የሁለተኛው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሳይጎዳ አልቀረም። የሦስተኛዋ ልም አጥንት ሳስቷል፤ ሐኪሞች ኦስቲዮአርትራይተስ የሚሉት ነው። ሦስቱም አንድ ሱቅ ገብተው ያንኑ ጥቁር ማሰሪያ ገዝተው ሊወጡ ይችላሉ። ሴትዮዋን ያሞቃትና ትንሽ ያሳርፋታል፤ ደረጃ የሚያስቸግረው ሰው ለውጡን ላያየው ይችላል፤ ኳስ ተጫዋቹን ግን በማይገባ መተማመን ወደ ሜዳ ይመልሰዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

በብዛት የሚሸጠው እንደ ካልሲ የሚጠለቀው፣ ከኒዮፕሪን ወይም ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሠራው ዓይነት ነው። ይህ ማሰሪያ አጥንት አይዝም። የጭን ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ ጨርቁ የሚጨምቀው ቆዳውንና ሥጋውን ነው፤ ከሥር ያለው አጥንት በጨርቁ አይገታም። ጉልበት ሲጠመዘዝ የሚመጣውን ኃይል ጨርቅ አያቆመውም። ታዲያ ብዙ ሰው ለምን ቀለል ይለዋል? አንዱ ምክንያት ሙቀቱ ነው፤ የደረቀ መገጣጠሚያ ሲሞቅ ይፍታታል። ሌላው ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ቆዳን ይመለከታል። ጨርቁ ቆዳውን ሲነካና ሲጨምቅ ጉልበቱ ምን ያህል እንደታጠፈና ወዴት እንዳዘነበለ ለአእምሮ የሚደርሰው መልእክት ይጨምራል፤ ሰውየውም እግሩን ሳይፈራ ይረግጣል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፣ ግን ከዚህ በላይ መጠበቅ የለበትም።

ከሎሚው በታች የሚታሰረው ቀጭን ቀበቶ የተሠራው ሎሚውን ከቅልጥም ጋር ለሚያያይዘው ጅማት ነው። ዝላይ የሚበዛበት ስፖርት የሚሠሩና ሕመማቸው በጣት ሊጠቆም የሚችል፣ ልክ ከሎሚው ሥር የሆነ ሰዎች ሊሞክሩት ይችላሉ። መሐሉ ቀዳዳ ያለውና ዙሪያውን ወፍራም ስፖንጅ የተደረገለት ሎሚው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ለማገዝ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ማጠፊያ ያለው ብረት የተገጠመለት ጉልበት ወደ ጎን እንዳይከፈት ይይዛል፤ የጎን ጅማት ለተጎዳበት ወይም ሐኪም መርምሮ ላዘዘለት ሰው ነው። ከሁሉ ውድ የሆነውና በልክ የሚሠራው ደግሞ ክብደቱን ከሳሳው ወገን ወደ ደህነኛው ወገን የሚያሸጋግር ነው። ይህ ለኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ ያለ ባለሙያ መግዛት ትርጉም የለውም።

ማስረጃው ምን ይላል? ትልልቆቹ ተቋማት ራሳቸው በአንድ ቃል አይናገሩም (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ መራመድን ክፉኛ ላከበደባቸው ወይም ጉልበታቸው አልጸና ላላቸው ሰዎች ማሰሪያን በጥብቅ ይመክራል። የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ግን በ2022 መመሪያው ማሰሪያ በዘልማድ አይሰጥ ይላል፤ መገጣጠሚያው ካልጸና ወይም ጫናው ከተዛባ፣ ያለ ድጋፍ የሚሠራው እንቅስቃሴም ካልጠቀመ ወይም ካልተቻለ፣ ማሰሪያው አካሄድን ያሻሽላል ተብሎ ከታመነ ብቻ ይፈቅዳል። ላይ ላዩን ላነበበ ይጋጫሉ። ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ሁለቱም ለተለየ ችግር የተለየ ሥራ ነው የሚጠይቁት፤ ሁለቱም እንቅስቃሴንና ክብደት መቀነስን ከፊት ያስቀድማሉ።

የሎሚ ሕመምም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ፊዚዮቴራፒስቶች በ2019 ባወጡት መመሪያ ለዚህ ሕመም የዳሌና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይዘዝ፣ ማሰሪያና ቀበቶ ግን አይዘዝ ብለዋል። በ2015 በእንግሊዝ አገር የታተመ፣ 126 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ለ6 ሳምንት ማሰሪያ ያደረጉት ሕመማቸው ከሌሎቹ ይበልጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ልዩነቱ የመጣው ከታማሚዎቹ ነው፤ በጥናቱ የተሳተፉት ከሎሚው ጀርባ ልም አጥንታቸው የሳሳ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። ለሃያ ዓመት ሯጭ የማይመከረው ዕቃ ለሃምሳ አምስት ዓመት እናት ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው። «ማሰሪያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ ከመነሻው የጎደለው ነገር ያለው ይመስለኛል።

«እኔ ካደረግሁት ወዲህ ተሽሎኛል፣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አለ። ከተሻለው ደስ ይለኛል፤ አውልቅ አልለውም። ግን ሕመሙ የቀነሰበትን ጊዜ ይጠቀምበት። ማሰሪያው ፋታ ይሰጣል፤ ጉልበትን የሚሸከመው ግን የፊት ጭንና የዳሌ ጡንቻ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መያዝና ቀስ ብሎ ማውረድ፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ የደረጃው የታችኛው እርከን ላይ መውጣትና መውረድ ጂም አያስፈልጋቸውም፤ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ራሱ ይበቃል። ክብደት የጨመረ ሰው ካለ ደግሞ በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ያገኘውን ልንገረው፦ ከሰውነት የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሰዋል። ይህን የሚያደርግ ማሰሪያ አልተሠራም።

በተቃራኒው ደግሞ «ማሰሪያ ጡንቻ ያደክማል፣ አንዴ ከለመዱት መላቀቂያ የለውም» የሚሉ አሉ። ይህ በጣም የተለመደ አባባል ነው፤ በ2015ቱ ጥናት የዋለውን የመሰለ ተጣጣፊ ማሰሪያ ያደረጉ ሰዎች የጭን ጡንቻቸው ሲለካ ግን ደክሞ አልተገኘም። የሚያደክመው ሕመሙን ፈርቶ መቀመጡ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት ማሰሪያ አድርጋ ገበያ ደርሳ የምትመለስ ከሆነ፣ ሳታደርግ ደግሞ ቤት የምትውል ከሆነ፣ ታድርገው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ከባድ ነው፦ «ፊዚዮቴራፒ ሩቅ ነው፣ ወረፋ አለው፣ ገንዘብም ይጠይቃል፤ ማሰሪያው ግን እዚሁ አለ።» ልክ ነው። ከሥራ አንድ ቀን መቅረት ለቀን ሠራተኛ የቀን እንጀራ ማጣት ነው። ሆኖም መልሱ ውድ ማሰሪያ መግዛት አይመስለኝም። ጉልበቱ ካልከዳ፣ ካልተቆለፈ፣ ካላበጠ፣ ቀላሉ የሚጠለቅ ማሰሪያና እነዚያ እንቅስቃሴዎች ለጥቂት ሳምንት ይሞከሩ። ብረት ያለውን ትልቁን ማሰሪያ ለመግዛት የተዘጋጀው ብር ግን ለምርመራ ቢውል ይሻላል፤ ያንን የሚያህል ድጋፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ምኑ እንደተጎዳ መታወቅ ያለበት ጉልበት ነው።

ሕመም ሳይኖር ለመከላከል ብለው ስለሚያደርጉትም ልመልስ። በ1990 የታተመው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ጥናት ማጠፊያ ያለው ማሰሪያ ያደረጉ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ከሌሎቹ ያነሰ የጉልበት ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይቷል። ያ ግን ሰው ከጎን በሙሉ ኃይሉ የሚጋጭበት ጨዋታ ነው። አቃቂ ከእንጦጦ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ ያለ ስለሆነ ሯጮች ለፈጣን ልምምድ የሚመርጡት አካባቢ ነው፤ የሯጭ ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ኪሎ ሜትር በችኮላ ሲጨመር፣ ቁልቁለትና ጠንካራ መንገድ ሲበዛ፣ ዕረፍት ሲያንስ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴን እናስታውስ። በኖቬምበር 2010 የኒውዮርክ ማራቶን ላይ 16ኛው ማይል አካባቢ ጉልበቱ ይዞት አቋረጠ፤ ከውድድሩ በፊት በተነሳው ኤምአርአይ ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽና የጅማት ብግነት ታይቶ ነበር። በዚያው ዕለት ሩጫ አቆምኩ አለ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። የዚያን ያህል የጠነከረ ጭን ያለው ሰው ጉልበት እንኳን ፈሳሽ ሲቋጥር ማረፍ ይፈልጋል። ያበጠ ጉልበት ላይ ጨርቅ አጥልቆ ልምምድ መቀጠል ምልክቱን መሸፈን ነው።

አስቦበት ለሚገዛ ሰው ልኩ ከስሙ ይበልጣል። ሚዲየምና ላርጅ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያሉ፤ ስለዚህ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ማሸጊያው ላይ የት እንደሚለካ ተጽፏል፤ አንዳንዱ የሎሚውን መሐል ዙሪያ፣ አንዳንዱ ከሎሚው 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የጭኑን ዙሪያ ይጠይቃል። ቆማችሁ፣ ጡንቻውን ሳታጠብቁ፣ ሜትሩ ቆዳውን ሳይቆነጥጥ ለኩ። አጥልቃችሁ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ ደረጃ ካለ ውጡና ውረዱ። ከጉልበቱ ጀርባ ከተሸበሸበ ሲራመዱበት ቆዳ ይልጣል፤ ወደ ታች ከወረደ ሰፍቷል። ከላይኛው ጠርዝ ሥር ሁለት ጣት ሳይቸገር መግባት አለበት። የእግር ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ባታችሁ ካበጠ ወዲያውኑ ይውለቅ። ጠብቆ መታሰር ጥንካሬ አይደለም፤ ወጌሻ አጥብቆ አስሮት ደም ያጣ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰበትን ታሪክ የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው ዘግበዋል። ኒዮፕሪን ላብ ይይዛል፣ አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል፤ በቃሊቲ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ከማድረግ ለሚያስቸግረው ሥራ ብቻ አድርጎ ማውለቅ ይሻላል። ማታ ሲተኙበት አይደረግም። በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይ ላስቲኩን ይጨርሰዋል።

ከማሰሪያ በፊት ሐኪም ጋ መሄድ ያለባችሁ መቼ ነው? ከአደጋ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ጉልበቱ ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ፣ ሎሚው ራሱ ሲነካ ካመመ፣ ወይም ዕድሜያችሁ 55 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል። ሲጠመዘዝ «ጧ» ብሎ በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ጉልበት የውስጥ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ከተጨመረበት ለነገ አይባልም፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ልም አጥንትን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ ትኩሳት ያለው ጉልበት የያዘ ሰው ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።