ጉጉቷ ማንን ነው የምትጠራው?

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ባለቤቷ ጋሼ ታመው ተኝተዋል። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ከጓሮው አቮካዶ ላይ ጉጉት ጮኸች። አክስቴ አማተበች። «ሟርትሽን ለራስሽ! ተነስ ልጄ፣ በድንጋይ አባርልኝ» አለችኝ።

ወጣሁ፤ ግን ድንጋይ ሳይሆን ስልኬን ይዤ። ድቅድቅ ጨለማ ነው። መቅጃውን ከፍቼ ዝም ብዬ ቆምኩ። አንዱ ወፈር ባለ ድምፅ ይጣራል፣ ሌላዋ ቀጠን አድርጋ ትመልሳለች። ለካ ሁለት ናቸው!

እዚህ ላይ የጅል ሥራ ሠራሁ። የቀዳሁትን ከፍ አድርጌ መልሼ አጫወትኩት። ወዲያው አንዱ፣ ክንፉ ኮሽ እንኳን ሳይል፣ አናቴ ላይ ካለው ቅርንጫፍ መጥቶ አረፈ። ክው አልኩ። በኋላ እንዳነበብኩት ግዛቱን ሊነጥቀው የመጣ ሌላ ጉጉት መስሎት ነው። እናንተ አታድርጉት፤ ወፎቹን ያውካቸዋል።

ቅጂውን ኢንተርኔት ላይ ካሉት የወፍ ድምፆች ጋር ሳስተያየው የአፍሪካ የጫካ ጉጉት ሆና አገኘኋት። ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ደን ባለበት ትኖራለች። ያቺ የፈራናት «ሟርተኛ» አብዛኛው ምግቧ ነፍሳት ነው! ተመራማሪዎች ድሮ ሲካባ ከሚባል ወገን ይመድቧት ነበር። ዲኤንኤዋ ሲታይ ግን ዘመዶቿ አውሮፓና አሜሪካ ጫካ ውስጥ ያሉት የስትሪክስ ወገን ጉጉቶች ሆኑ።

እኔን የገረመኝ የድምፁ ነገር ነው። ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን ከትልልቆቹ እየሰሙ ይማራሉ። ጉጉት ግን ጩኸቷን ይዛው ትወለዳለች፣ ማንም አያስተምራትም። ስለዚህ ጩኸቷ ዝምድናዋን ለማጥናት ይጠቅማል። የአሜሪካዎቹ ትንንሽ ጉጉቶች ለረጅም ጊዜ ከአፍሪካና ከእስያዎቹ ጋር በአንድ ወገን፣ በኦተስ፣ ተመድበው ቆይተዋል። መልካቸው ይመሳሰላላ! ድምፃቸው ግን አልገጠመም፤ ዲኤንኤውም ይህንኑ ደገፈ። አሁን ሜጋስኮፕስ ተብለው ለብቻቸው ናቸው።

ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ያለችው ትንሿ የፕሪንሲፔ ደሴትም አለች። እዚያ የምትኖር አንዲት ጉጉት አዲስ ዝርያ ተብላ የተሰየመችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ የአገሩ ሰዎች ግን ቀድመው ያውቋት ነበር። ተመራማሪዎች የምትኖርበትን ቦታ ለመለየት በሌሊት ጫካ ለጫካ እየዞሩ ጩኸቷን አዳመጡ። የተገኘችው በደቡቡ ሰው የማይኖርበት ደን ብቻ ነው፤ ስፋቱ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ።

ጠዋት ቅጂውን ለአክስቴ ላሰማት ስል «አጥፋልኝ!» ብላ ፊቷን አዞረች። ጋሼ ግን አልጋቸው ላይ ሆነው «አሰማኝ እስቲ» አሉ። ሁለት ጊዜ አዳመጡት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ቡናውን ከተከልን ጀምሮ ስትጮህ ነው የኖረችው። ያኔ ሁሉ ማን ሞተ?» አሏት።

አልመለሰችላቸውም። ማታ እንደገና ስትጮህ አማተበች፤ ድንጋይ አንሳ ግን አላለችኝም።